ተሠራ

ሚያዝያ ሲጋመስ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
የሃልስበሪን ምልክቶች አንድ በአንድ በተራ
ይቀባ ነበር ሉሺየስ ቴሪል፦
መደቡን በጥቁር፣ ፊደሉን በብር፣
እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ አፉ ሳይናገር።
እኔ መሰላል ያዥ፣ የሰሞን ቅጥረኛ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ለሥራው ሰነፍ፣ ለወሬው ንቁ፣ ለምሳው አንደኛ።

ከተማው ጥንታዊ ነው፤ የብረት ሳሕን ተሸክሟል በየደጁ፦
«ከዚህ ባሉጥ ሥር ቻርተር ፈረሙ ገዥና ወዳጁ።»
«በዚህ ቤት ገዥው አደረ።»
«በዚህኛውም ገዥው አደረ።»
(ሉሺየስ ከመሰላሉ ላይ፦ «ሰውዬው ይህን ሁሉ ተኝቶ
መቼ ነው አገር የገዛው፣ ከስንቱ አልጋ ተነሥቶ?»)

ኮሌጁ በር ላይ ግን ትልቁ ሳሕን አለ፣
ከሁሉ የረዘመ፣ ከሁሉ ያየለ፦
«ይህ አዳራሽ በንጉሡ ፈቃድ፣ በገዥው ቸርነት፣
ለወጣቶች እውቀት፣ ለአገሩ ክብረት፣
በሺህ ሰባት መቶ አሥራ ሁለት
ተሠራ።»

እዚያች ቃል ላይ ብሩሹ ይዘገያል።
«ይቺን ‘ተ’ አየሃት?» ይላል።
«ቁመቷ ስንዝር አይሞላ፣ ሆዷ ግን ጎተራ፤
ስንቱን ሰው ዋጠችው፣ አፏን እንኳ ሳትጠርግ፣ ሳታገሳ፣ ሳትራራ!
ብትነሣ ‘ሠራ’ ይቀራል፤
‘ሠራ’ ከተባለ ደግሞ
ማን? የሚል አይጠፋም፤ ሰው ነው መቼም፣ ይጠይቃል።»

ከሥራችን ታልፋለች ፕሪስካ፣ የኮሌጁ አስጎብኚ፣
ወደ ኋላ እየተራመደች፣ ፊቷ ወደ እንግዶቿ፣
መንገዱን የሚያውቁት ተረከዞቿ።
«ሸክላው ከወንዙ ዳር ተቆፈረ፤ ጡቡ እዚሁ ተቃጠለ፤
ኖራው ከባሕር ዛጎል ተወቀጠ…»
ሉሺየስ ይቆጥራል፣ በእያንዳንዷ ላይ የቀለም ጠብታ እየጣለ፦
«አንድ። ሁለት። ሦስት።»
አንዲት እናት ስለ ክፍያው ጠየቀች፣ ልጇ ስለ ምግብ ቤቱ፤
አለፉ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ወሰደኝ፣
ከአሸንዳው ሥር ሐረጉን ገለጠና «ዝቅ በል» አለኝ።
ከመሬት ሦስተኛው ረድፍ። ጡብ።
ጡቡ ላይ አራት ጣት፣ ሳይደርቅ የነካ፤
የኔ ትንሿ ጣት እንኳ ከጎድጓዳው አልገባ አለች ስለካ።
ልጅ ነው። ሰባት ዓመት፣ ቢበዛ ስምንት፤
ፀሐይ እንዲያገኘው ሲገለብጥ ውሎ፣ ደክሞት፣ ጠበቅ አድርጎ ያዘበት።
«ስሙ?»
«መዝገቡን አይቻለሁ፣ ኮሌጁ ምድር ቤት፦
‘በቅሎ፣ ሁለት፤ ልጅ፣ አንድ፤ ምስማር፣ ግማሽ በርሜል’
ይላል።»
ሌላ አልተናገረም። ሐረጉን መለሰና ዳቦውን ከኪሱ አወጣ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለቅርስ ኮሚቴው ጽፏል።
ሊቀ መንበሯ ሚስስ ሆልክሮፍት ጨዋ ናቸው፣ ሻይ ይጋብዙታል፦
«ቦታ የለንም እኮ፣ ሳሕኑ ሞልቷል፤
አንድ ፊደል መጨመር ስንት እንደሚያወጣ ታውቃለህ? ያሳዝናል።»
«አልጨምርም» አለ። «አንዲት ልቀንስ።»
ተያዩ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው መልስ፦
«ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።»
«አራት» አለ ሉሺየስ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ እየወጣ።

ጡረታ በወጣበት ሚያዝያ ሁሉንም በብር ቀባ፣
‘ተ’ን ብቻ በጥቁር፤ ሌሊት ውስጥ እንደ ገባ
ቁራ።
በእጅ ለዳሰሳት አለች፤ ለዓይን የለችም።
ፕሪስካ ልማድ ሆኖባት «ተሠራ» ብላ አለፈች፣ ዞር እንኳ አላለችም፤
ገና ንባብ የጀመረ ሕፃን ግን፣ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ፣
ፊደል እየቆጠረ፦ «ሠ… ራ።»
ከዚያም ጠየቀ።
ተረከዞቿ ቆሙ።

አሁን ብሩሹ የኔ ነው። ባለፈው ሳምንት ከቢሮ ደወሉ፦
«በሩ ላይ ያለው ሳሕን አንድ ፊደል ጎድሎታል» አሉ።
«ብር ቀለም አልቆብኝ ነው» አልኩ።
መሰላሉ ላይ ነበርኩ። በግራ እጄ የያዝኩት ቆርቆሮ
ክንዴን ወደ ታች ይጎትተዋል፣
ጢም ብሎ።